ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ
ስለ መንገዳችን ችግኞች መቃጠል ከማኅበሩ ጸሐፊ የቀረበ አስተያየት

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላትና የሰፈራችን ነዋሪዎች፤

በዚህ ሰሌዳ ላይ እስከ ዛሬ የምለጥፈው የመዋጮ ዝርዝር፣ የስብሰባ ጥሪና የሐዘን መልእክት ነበር። ዛሬ ግን እንደ ጸሐፊ ሳይሆን እንደ አንድ አባል የራሴን ሐሳብ ልጽፍ ፈለግሁ። ትምህርቴ እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ የእርሻ ባለሙያም አይደለሁም። ነገር ግን በሰው ላይ የተፈጸመ አንድ በደል በእኔ እጅ ጽሑፍ ስለ ተመዘገበ፣ የሚታረመውም በእኔ እጅ ጽሑፍ ቢሆን ይሻላል ብዬ ነው።

ጉዳዩ የኮሶ ችግኞቻችን ጉዳይ ነው።

እንደሚታወሰው በ2017 ዓ.ም. ሐምሌ ውስጥ ከአስፋልቱ ተነሥተን እስከ ሰፈራችን መጨረሻ ድረስ በመንገዱ ግራና ቀኝ 84 ችግኝ ተክለናል። 60ዎቹ ኮሶ፣ 24ቱ ጽድ ነበሩ። ዝናብ ነበር፣ ጭቃ ነበር፤ ሁሉም ሰው ግን ወጥቷል። ልጆች ሳይቀሩ ችግኝ ተሸክመዋል። ፎቶ ተነሣን። እኔም በመዝገባችን ላይ «84 ችግኝ ተተክሏል» ብዬ ጻፍኩና ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት።

እስከ ኅዳር ደኅና ነበሩ። ዝናቡ ቆሞ ነፋሱ ሲነሣ፣ ታኅሣሥ ላይ የኮሶዎቹ ቅጠል ከጫፍና ከጠርዝ ጀምሮ ቡናማ እየሆነ መድረቅ ጀመረ። መሐሉ አረንጓዴ ነው፤ ዳር ዳሩ ግን እሳት ነክቶት የተመለሰ ወረቀት ይመስላል። ጥር ሲገባ ከ60ው ኮሶ 41ዱ እንደዚያ ሆኑ። ጽዶቹ ብዙም አልተነኩም።

እንግዲህ የሰፈር ሰው ዝም አይልም። አንዱ «ጥበቃው ውሃ አያጠጣም» አለ። ሌላዋ «ልብስ የምታጥበው ሴትዮ የሳሙና ውሃ እየደፋችበት ነው» አለች። «በሽታ ነው፣ ወደ ጓሯችን ሳይዛመት ነቅለን እናቃጥለው» ያለም ነበር። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ዓይን ነው» ያለም አልጠፋም።

ጥር ውስጥ ኮሚቴው ተሰበሰበና ሁለት ነገር ወሰነ። አንደኛ፣ ችግኝ ለማጠጣት ለጥበቃችን በየወሩ የምንጨምርላቸው 500 ብር እንዲቆም፤ ሁለተኛ፣ በልጉ ሲገባ ኮሶዎቹ ተነቅለው በምትካቸው ባሕር ዛፍ እንዲተከል። ቃለ ጉባኤውን የያዝኩት እኔ ነኝ። እጄንም አውጥቼ ደግፌአለሁ። ስብሰባው ሁለት ሰዓት ፈጀ። ችግኞቹ ያሉት ከስብሰባው በር 20 እርምጃ ላይ ነበር። እኔን ጨምሮ ከመቀመጫው ተነሥቶ አንዱን እንኳ ቆፍሮ ያየ ሰው አልነበረም።

በማግሥቱ ጠዋት ጥበቃችን ቤቴ ድረስ መጡ። ዕድሜያቸው ከአባቴ አያንስም። ስለ ገንዘቡ ሊናገሩኝ ነው ብዬ ተሸማቀቅሁ።

«ጸሐፊ፣ ስለ ብሩ አይደለም የመጣሁት» አሉኝ። «አንድ ነገር ላሳይዎት። ዶማ ካለዎት ይዘው ይውጡ።»

«ምኑን ነው አባባ?»

«ቆፍረን እንየው እንጂ፣ በወሬ ምን ይሆናል?»

ከአስፋልቱ ሲገባ ሦስተኛው ኮሶ ጋ ወሰዱኝ። ጎን ጎኑን ቀስ ብለው ቆፈሩ። አንድ ስንዝር እንኳ ሳይወርዱ ጥቁር ላስቲክ ብቅ አለ። ችግኙ ከችግኝ ጣቢያ የመጣበት ላስቲክ እንዳለ ነው! ሥሩ ላስቲኩ ውስጥ ዞሮ ዞሮ እንደ ገመድ ተጠቅልሏል። በሰባት ወር ውስጥ አንድም ሥር ወደ ሰፈራችን አፈር አልወጣም።

«ይሄን ማነው እንዲህ አድርጎ የተከለው?» አልኩ በቁጣ።

አባባ ቀና ብለው አዩኝ። «እርስዎ ነዎታ! ፎቶ ሲነሡ ጃንጥላውን የያዝኩልዎት እኔ አይደለሁም እንዴ?»

ምን ልበላችሁ? ዶማውን ተደግፌ ቆሜ ቀረሁ።

ይህን የምነግራችሁ ለሳቅ አይደለም። ነገሩ ገብቶኝ ይቅርታ ከጠየቅኋቸው በኋላ፣ ሁለት የሰፈራችን ወጣቶች ጨምረን ከ41ዱ ውስጥ 12ቱን በየጎናቸው ቆፍረን አየን። ያገኘነውን ከመንገሬ በፊት ግን ቅጠል ለምን ከጠርዙ እንደሚቃጠል ልናገር፤ እርሱን ሳናውቅ ነው የፈረድነው።

ቅጠል ቀኑን ሙሉ ውሃ ይተነፍሳል። ያን ውሃ ከአፈር ስቦ የሚልክለት ሥሩ ነው፤ የሚያደርስለት ደግሞ በቅጠሉ ላይ የምናየው ጅማት ነው። ፀሐይና ነፋስ ከቅጠሉ የሚወስዱት ውሃ ሥሩ ከሚልከው ሲበልጥ ውሃው ዳር ሳይደርስ ያልቃል። መጀመሪያ የሚጎዳው እንግዲህ ከመስመሩ መጨረሻ ላይ ያለው ነው፤ እርሱም ጫፉና ጠርዙ። የቧንቧ ውሃ ሲዳከም ቀድሞ የሚደርቀው የመጨረሻው ቤት አይደለም እንዴ? የላይኛው መንገድ ዳር ያላችሁ አባላት ይህን ከእኔ የበለጠ ታውቁታላችሁ።

ጽዱ ለምን እንዳልተቃጠለ ያኔ ገባኝ። የጽድ ቅጠል እንደ ቅርፊት ደቃቅና ጠንካራ ነው፤ የሚያባክነው ውሃ ትንሽ ነው። የኮሶ ቅጠል ግን አንዱ ዘንግ ብቻ ክንድ ሊሞላ ምንም አይቀረው፤ በላዩ ላይ ግራና ቀኝ ጠርዛቸው እንደ መጋዝ የሆነ ብዙ ቅጠሎች ተደርድረውበታል። ብዙ ይጠጣል፣ ብዙ ይተነፍሳል። ሥሩ ታስሮ ሲቸገር ቶሎ ይናገራል። ስንፍና አይደለም፤ ቅጠሉ ስለ ሥሩ እየመሰከረ ነው።

በዚህ ላይ አገራችን ባሌ ናት። ሮቤ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ናት፤ ጎባ ደግሞ ከ2,700 ሜትር ታልፋለች። በበጋ ቀኑ ፀሐዩ ይፋጃል፣ ከስንዴው ማሳ በኩል ደረቅ ነፋስ ይነፍሳል፤ ሌሊቱ ደግሞ ውርጭ ነው። ሌሊት አፈሩ ሲቀዘቅዝ ሥር ውሃ መሳብ ያቅተዋል፤ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ግን ቅጠሉ ወዲያው ውሃ ይፈልጋል። ትልቅ ዛፍ ሥሩ ጠልቆ ስለ ሄደ ይችለዋል። ከችግኝ ጣቢያ ጥላ ሥር ወጥቶ ገና የመጀመሪያውን በጋ የሚያይ ችግኝ ግን ከየት ያምጣው?

ይህ የእኛ ብቻ ችግር እንዳይመስላችሁ። የእህቴ ልጅ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ትኖራለች። ስለ ችግኞቻችን በስልክ ባወራት ሳቀችና ፎቶ ላከችልኝ። የጃፓን ሜፕል የሚባል ዛፍ ነው፤ ቅጠሉ እንደ ተዘረጋ የሰው መዳፍ ጣት ጣት ያለው፣ ቀይ፣ ለቤት ፊት ውበት የሚተከል። እርሷ ግንቦት ላይ ተክላው በእነርሱ የሙቀት ወር በሐምሌ ጠርዝ ጠርዙ ልክ እንደኛ ኮሶ ተቃጠለ። በሽታ መስሏት መድኃኒት ገዝታ ረጨች፤ ምንም። ማዳበሪያ ጨመረች፤ ባሰበት። በመጨረሻ አንድ ዕፅዋት የሚያውቁ ሽማግሌ ጎረቤቷ «አፈሩን ግለጪውና ሥሩን እዪው» አሏት። ብታየው ሥሩ የመጣበትን የላስቲክ ማሰሮ ቅርጽ ይዞ ተጠምጥሟል፤ ግንዱም ከልክ በላይ ጠልቆ ተቀብሯል። እዚያም ላስቲክ፣ እዚህም ላስቲክ! የጃፓንም ዛፍ ይሁን የባሌ፣ ሥሩ ከታሰረ ቅጠሉ ይቃጠላል።

ወደ ሰፈራችን ልመለስ። ከቆፈርናቸው 12 ኮሶዎች 7ቱ ላስቲካቸው ሙሉ በሙሉ አልወጣም፤ ወይም ከታች ብቻ ተቀዶ ነው የተተከሉት። 2ቱ በጥቁሩ ዋልካ አፈር ላይ በጣም ጠልቀው ስለ ተተከሉ ጉድጓዱ ውሃ አቁሯል፤ ሥራቸው ጠቁሮ ይሸታል። 1ዱ ግርጌው ላይ ነጫጭ የዩሪያ ፍሬ ተገኘበት። አንድ አባላችን ከእርሻ የተረፈውን አንድ እፍኝ በደግነት በትኖለት ነው። የቀሩት 2ቱ ልብስ ከሚታጠብበት ደጃፍ ያሉት ናቸው፤ አፈሩ ላይ የደረቀ ሳሙና አመድ መስሎ ይታያል።

ስለዚህ እውነቱ ይህ ነው። ሐሜቱ ሁሉ ውሸት አልነበረም፤ የሳሙና ውሃ 2 ችግኝ ጎድቷል። እኅታችንም ነገሩ በክብር ሲነገራት በዚያው ቀን የምትደፋበትን ቦታ ለወጠች። እኛ ግን ስሟን 41 ጊዜ ነበር ያነሣነው። ጥበቃችን ደግሞ ውሃውን በየቀኑ ያጠጡ ነበር። ውሃው ላስቲኩን በውጭ እየዞረ ያልፋል፤ ውስጥ ያለው አፈር ግን ደርቆ እንደ ሸክላ ሆኗል። ሰውየው ሠርተው ሳለ ሥራቸው የማይታየው በእኛ አተካከል ምክንያት ነበር። የሰባቱን ጥፋት ማን አጠፋ ብትሉኝ፣ ፎቶ የተነሣን ሰዎች ነን እላለሁ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይህ ነው።

ስለዚህ ሌላ ጊዜ ከመፍረዳችን በፊት እንድንለይ የተማርኩትን በቀላሉ ልዘርዝር። በጓሯችሁ ለተከላችሁት ፖምም፣ ጌሾም፣ ጽጌረዳም ይሠራል።

አንደኛ፣ ቃጠሎው የት ላይ ነው? ጠርዝና ጫፉ ብቻ በሁሉም ቅጠል ላይ ተመሳሳይ ሆኖ ከደረቀ ነገሩ የውሃና የሥር ነው። በነፋስ ወይም በከሰዓት ፀሐይ በኩል ያለው ጎን ብቻ ከሆነ ነፋስና ፀሐይ ነው። ቅጠሉ መሐል ላይ የተበታተኑ ክብ ነጠብጣቦች ካሉ፣ ዙሪያቸውም ቢጫ ከሆነና ከቀን ቀን ከሰፉ ያኔ በሽታ ነው ብሎ መጠርጠር ይገባል። ተበልቶ የጎደለ ከሆነ ደግሞ ትል ወይም የጎረቤት ፍየል ነው።

ሁለተኛ፣ መቼ ጀመረ? ቀስ በቀስ በሳምንታት ከመጣ ጥማት ነው። በአንድ ሌሊት ለጋው ጫፍ የፈላ ውሃ እንደ ፈሰሰበት ጥቁር ሆኖ ከጠወለገ ውርጭ ነው። በታችኛው ረባዳ ቦታ ያሉት 5 ኮሶዎች እንዲህ ሆነው አግኝተናቸዋል፤ ብርድ እንደ ውሃ ወደ ዝቅተኛ ቦታ ይወርዳልና። ማዳበሪያ ወይም ትኩስ ፍግ ከተጨመረ በኋላ በጥቂት ቀን ውስጥ ከመጣ ደግሞ ማዳበሪያው አቃጥሎታል። ጨው የበዛበት አፈር ከሥሩ ውሃ ይነጥቃል እንጂ አይሰጥም።

ሦስተኛ፣ አፈሩን በጣት ውጉት። ላይ ላዩን አይታችሁ አትፍረዱ። ጣታችሁን እስከ ሥሩ አስገቡት። ደረቅ ከሆነ ውሃ አላገኘም። ጭቃ ከሆነ ግን ተጠንቀቁ! ሥር እንደ እኛ ይተነፍሳል፤ በረጋ ውሃ ውስጥ ሲታፈን ይበሰብሳል፤ የበሰበሰ ሥር ደግሞ ውሃ መሳብ አይችልም። በውሃ ተከቦ በውሃ ጥም ይሞታል። ቅጠሉን አይቶ «ጠምቶታል» ብሎ ለእንደዚህ ያለው ሌላ ባልዲ መጨመር መግደል ነው።

አራተኛ፣ አንገቱን እዩ። ግንዱና ሥሩ የሚገናኙበት ቦታ ከመሬቱ ጋር እኩል መሆን አለበት። ተቀብሮ ከሆነ አፈሩን ግለጡለት። ግንዱን በሁለት ጣት ይዛችሁ ስትነቀንቁት እንደ ልቅ ጥርስ ከተንቀሳቀሰ ሥሩ አልያዘም ማለት ነው።

አምስተኛ፣ ሞቷል ከማለታችሁ በፊት ልጡን በጥፍር ጫር አድርጉት። ከሥሩ አረንጓዴና እርጥብ ከሆነ ነፍስ አለው። ቡናማና ደረቅ ከሆነ ወደ ታች ወረድ ብላችሁ ደግማችሁ ጫሩ። እኛ ከ41ዱ የሞቱ ሆነው ያገኘናቸው 6 ብቻ ናቸው። 35ቱ በሕይወት ሳሉ ነው ነቅለን ልንጥላቸው በቃለ ጉባኤ የፈረድንባቸው።

አሁን ምን እናድርግ? የተቃጠለው ጠርዝ ተመልሶ አረንጓዴ አይሆንም፤ እርሱን አትጠብቁ። ቅጠሉንም አትቀንጥሱት፤ አረንጓዴ የቀረው ክፍል አሁንም ችግኙን ይመግባል። የሚጠበቀው አዲስ የሚወጣው ቡቃያ ነው። በዚህ በጋ ነቅሎ እንደገና መትከል አይገባም። ጠዋት በብርዱ ወይም ወደ ማታ ጎኑን ቀስ ብሎ ቆፍሮ፣ ላስቲኩን በሁለት ወገን በምላጭ ሰንጥቆ፣ አፈሩን መልሶ ማጠጣት ይቻላል። በመጋቢት የበልጉ ዝናብ ሲረጋ ደግሞ ላስቲኩን ጨርሶ አውጥቶ፣ የተጠመጠመውን የታች ሥር ቆርጦ ማስተካከል ነው። የእኛ ባሌ በበልግም በመኸርም ዝናብ ስለምታገኝ በዚህ ዕድለኞች ነን፤ እስከ ሐምሌ መጠበቅ የለብንም።

ውሃውን በተመለከተ በየቀኑ አንድ ጣሳ ከማርከፍከፍ በሳምንት ሁለት ጊዜ አንድ ባልዲ፣ 10 ሊትር ያህል፣ ቀስ አድርጎ በጠዋት ማጠጣት ይሻላል። ትንሽ ትንሽ ውሃ ሥርን ላይ ላዩን ያስቀራል፤ ጠልቆ የገባ ውሃ ግን ሥርን ወደ ታች ይስባል። በዋልካው ቦታ ላይ ግን መጀመሪያ በጣት ማየት ነው። ግርጌው ላይ አራት ጣት ውፍረት ያለው የስንዴ ገለባ አልብሱት፤ ግንዱን እንዳይነካ አንድ መዳፍ ራቅ ይበል። ገለባ በሮቤ ከጠፋ ከየት ይገኛል? በነፋሱ በኩል ሦስት እንጨት ተክሎ የማዳበሪያ ከረጢት መወጠር ነው። ውርጭ በሚበዛበት ሌሊት ከላይ ሸፍኖ ጠዋት መግለጥ። ዩሪያ ግን ሥሩ እስኪይዝ ድረስ አይነካው። የታመመ ሰው ጥሬ ሥጋ አይቀርብለትም።

አሁን ስለ ባሕር ዛፉ ልናገር። ባሕር ዛፍ ይተከል ያላችሁ አባላት ክፉ አላሰባችሁም። ባሕር ዛፍ በአጼ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ ዓ.ም. ወደ አገራችን ከገባ ወዲህ የስንቱን ቤት ሠርቷል! የእኔም ቤት ማገሩና ወራጁ ከእርሱ ነው፤ ከጓሮዬም ጥቂት አለኝ። ጥላና ውበት ፈልገን ከቤት ደጃፍ በ3 ሜትር ላይ፣ የውሃ ቧንቧ ከተቀበረበት አጠገብ ሲሆን ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሥሩ ውሃ ፍለጋ ሩቅ ይሄዳል፤ በሥሩም ሌላ ነገር እምብዛም አያበቅል።

ኮሶ ደግሞ የእኛው የደጋ ዛፍ ነው። ኦሮምኛ ተናጋሪው ጎረቤቴ ሄጦ ይለዋል። ወደ ዲንሾ ብቅ ያለ ሰው የደጋ አጋዘን በሥሩ ሲግጥ፣ ቀይ አበባው ከላይ ተንዠርጎ ያየዋል። አያቶቻችን ጥሬ ሥጋ የበሉበትን ሆዳቸውን በአበባው ያጥቡ ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመንም ለኮሶ ትል መድኃኒትነቱ ታውቆ እስከ አውሮፓ መድኃኒት ቤቶች ድረስ ተወስዷል። ከኮሶ ጫካችን ብዙው በመጋዝና በእርሻ ስለ ተመናመነ፣ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ በመንግሥት ደን ውስጥ እንዳይቆረጡ ከከለከላቸው ዛፎች አንዱ ኮሶ ነበር። የባሌ ተራሮች ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ሁላችንም ደስ ብሎናል። ዓለም የመሰከረለትን ዛፍ 35ቱን በሕይወት እያሉ ከደጃችን ነቅለን ብንጥል ለልጆቻችን ምን ብለን እንነግራቸዋለን?

ከዚህ ሁሉ የሚከብደኝ ግን የመዝገቡ ነገር ነው። እኔ የጻፍኩት «ተተክሏል» ብዬ ነው። በአገር ደረጃም አረንጓዴ አሻራ በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በየዓመቱ የምንሰማው የተተከለው ቁጥር ነው። በዚያ ዓመት ሐምሌ 22 ቀን ብቻ ከ350 ሚሊዮን በላይ ተተከለ ተብሏል። ዘመቻውን አልነቅፍም፤ እኔም በየዓመቱ ወጥቻለሁ፣ ወደፊትም እወጣለሁ። ሆኖም ታላላቆቻችን እንደሚነግሩን ከ1977ቱ ድርቅ ወዲህም በየተራራው ብዙ ተተክሎ ነበር፤ በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ግን «የእኔ ነው» የሚል ባለቤት በማጣቱ በብዙ ቦታ ተጨፍጭፎ ቀረ። መትከል የአንድ ቀን ሥራ ነው። ፎቶውም የአንድ ቀን ነው። ችግኝ ግን ቢያንስ ሁለት በጋ ጠባቂ ይፈልጋል።

አማርኛችን ራሱ ያስተምረን ነበር። ችግኝ ሥር ሲይዝ «ጸደቀ» እንላለን። በወጉ ያልተተከለ፣ ያልተጠበቀ አይጸድቅም። መዝገባችን ውስጥ ግን «ጸደቀ» የሚል ረድፍ የለም። እንዲኖር አስቤም አላውቅም ነበር።

በመሆኑም ለሚመጣው ጠቅላላ ስብሰባ የሚከተሉትን ሐሳቦች በአክብሮት አቀርባለሁ።

1ኛ. ለጥበቃችን የተቋረጠው 500 ብር ከተቋረጠበት ወር ጀምሮ ተቆጥሮ ይከፈላቸው። በእጄ የጻፍኩት ውሳኔ ስሕተት መሆኑም በቃለ ጉባኤ ይጻፍ። ገንዘቡን ማኅበሩ መክፈል ከከበደው እኔ ከኪሴ እጀምራለሁ።

2ኛ. ኮሶዎቹን የመንቀሉ ውሳኔ ይነሣ። በሕይወት ያሉት በበልጉ ላስቲካቸው ይውጣ፤ የሞቱት 6ቱ ብቻ በሌላ ኮሶ ይተኩ። በውሃ ማቆሪያው ቦታ ላይ ያሉት ደግሞ ከፍ ወዳለ ቦታ ይዛወሩ።

3ኛ. ከእንግዲህ ስንተክል ላስቲክ ይቆጠር። 84 ችግኝ ከወጣ 84 ባዶ ላስቲክ በአንድ ከረጢት ተመልሶ ይምጣ። አንድ ከጎደለ ያ አንዱ ተፈልጎ ይገኝ። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ምላጭና ልብ ብቻ ነው የሚጠይቀው። ጉድጓዱም ቢያንስ አንድ ክንድ ጥልቀት ኖሮት ከወር በፊት ይቆፈር፤ የላዩ ለም አፈር ከታች ይግባ።

4ኛ. በመዝገቡ ላይ ከ«ተተከለ» ቀጥሎ «ጸደቀ» የሚል ረድፍ ይጨመር፤ በየጥሩና በየሰኔው እየዞርን እንቁጠር። ቁጥሩ ትንሽ ቢሆንም እንደ ሆነው ይጻፍ።

5ኛ. እያንዳንዱ ቤት ከደጃፉ ያሉትን ችግኞች ይረከብ። ጥበቃችን ይረዱናል እንጂ 84ቱን ብቻቸውን ይሸከሙ ማለት አግባብ አይደለም።

አንዳንዶቻችሁ «ጸሐፊው ለአንድ ችግኝ ይህን ያህል ምን አስጮኸው» ትሉ ይሆናል። ስለ ችግኝ ብቻ ቢሆን ባልጮህኩ። እኛ በዚህ ሰፈር የብዙ ነገር ቅጠል አይተን እንፈርዳለን። የሰው ልጅ ትምህርት ቤት ሲደክም፣ አንድ አባል መዋጮ ሲያጓድል፣ ጎረቤት ፊቱን ሲያጠቁር፣ የደረቀውን ጠርዝ አይተን «ሰነፍ ነው፣ ትዕቢተኛ ነው» እንላለን። ቀረብ ብሎ «ምን ሆነህ ነው?» የሚል ጥቂት ነው። በችግኝ የፈረድነው በሰውም ላይ አርፏል፤ ሽማግሌ ሰው ያለ ጥፋታቸው የወር ደመወዛቸው ተቆርጦባቸዋል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኛ አፍስሰናል፣ እንግዲህ እንልቀም።

በሚመጣው እሑድ ጠዋት በ3 ሰዓት ከአስፋልቱ መግቢያ እንገናኝ። ዶማ ያለው ዶማ፣ ባልዲ ያለው ባልዲ፣ ገለባ ያለው አንድ ከረጢት ገለባ ይዞ ይምጣ። ምላጩን እኔ አመጣለሁ። አሠራሩን የሚያሳዩን ጥበቃችን ናቸው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የማኅበሩ ጸሐፊ
ሮቤ፣ የካቲት 2018 ዓ.ም.